የጀግና ሚዛን

ሰው በመልኩ አባቱን ወይም እናቱን ይመስላል፤ በጠባዩ ግን የሚያደንቀውን ሰው ይመስላል። ገንዘብን የሚያደንቅ ሰው ውሎ አድሮ ዘመዱን ሁሉ በብር መቁጠር ይጀምራል፤ ጉልበትን የሚያደንቅ ደግሞ ጉልበተኛ ሲመጣ ይንበረከካል፣ ደካማ ሲመጣ ይረግጣል። ስለዚህ አንድ ወጣት ወደ ፊት ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ማወቅ የሚፈልግ ሁሉ የትምህርት ውጤቱን ብቻ አይመልከት፤ «ከሰው ሁሉ የምታደንቀው ማንን ነው? የምታደንቀውስ ስለ ምን ነው?» ብሎ ይጠይቀው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በዚህ ክረምት በሐይቅ ከተማና በአምባሰል በኩል እስከ ውጫሌ ድረስ ያየሁት የወጣቶች ሥራ ነው። «ሥራ» ማለቴ ለማላገጥ አይደለም። ትምህርት ቤት ከተዘጋበት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ማርቭል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ያወጣቸውን የልዕለ ጀግና ፊልሞች፣ ቀድሞ ያዩአቸውን፣ ከመጀመሪያው አንሥተው በተራ እንደገና ሲያዩና ደረጃ ሲያወጡላቸው ከርመዋል። ፊልሙን ከሞባይል ሱቅ በሜሞሪ ያስጭናሉ፤ ከፊሉ በአማርኛ የተተረከ ነው፣ ከፊሉ እንግሊዝኛው እንዳለ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ በአንዲት ስልክ ላይ አምስት ራስ ይደፋል። ከዚያም ደብተር አውጥተው ከ1 እስከ 23 ይጽፋሉ፤ ይከራከራሉ፣ ይሰርዛሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ከ2008ቱ «አይረን ማን» እስከ 2019ኙ «ስፓይደር ማን፦ ፋር ፍሮም ሆም» ድረስ 23 ፊልም መሆኑ ነው። የፊልሞቹን ዓመት በአውሮጳ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ነገር በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሁሉን አንድ ጊዜ ለማየት 50 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ስለሆነ እኔም መነጽሬን አድርጌ ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ አይቻለሁ። እንግዲህ የምናገረው አይቼ ነው።

በመጀመሪያ ከዕድሜ እኩዮቼ ጋር ያለኝን ክርክር ልጨርስ። ብዙዎቹ «ይህ ሁሉ የሰይጣን ትርኢት ነው፤ ስልኩን መንጠቅ ነው» ይላሉ። እኔ ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያም ሲኒማ ሁሉ የኃጢአት በር እንደ ሆነ ሲነገር ሰምቼ አድጌአለሁ። ይሁን እንጂ እኛው ራሳችን ደሴ በሄድን ቁጥር የህንድ ፊልም ለማየት ስንጋፋ፣ ስናለቅስበትም ነበር፤ ያለቀስነው ግን ስለ ሰው መከራ ስለ ነበር ልባችን አልከፋም። መንጠቅ ማስተማር አይደለም። የተነጠቀ ልጅ በድብቅ ያያል፤ በድብቅ የታየ ነገር ደግሞ ጠያቂ የለውም። ሽማግሌ ሥራው መንጠቅ ሳይሆን መጠየቅ ነው።

ደግሞም ወጣቶቹ የሚሠሩት ሥራ በራሱ መልካም ነገር አለበት። አንድን ነገር ሁለተኛ ማየት የአስተዋይ ሰው ልማድ ነው፤ መጽሐፍም ጥቅሙን የሚሰጠው በሁለተኛው ንባብ ነው። ደረጃ ማውጣትም ቢሆን የፍርድ ልምምድ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የተማሪ ደብተር ያረምሁ ሰው ነኝና ይህን ሥራ አልንቅም። ነገር ግን አንድ ሕግ አለው። ሚዛኑ ሳይነገር የተሰጠ ማርክ ስርቆት ነው። «ለዚህ 9 ሰጠሁ፣ ለዚያ 4 ሰጠሁ» የሚል ሰው በምን እንደ መዘነ መናገር አለበት።

እንግዲህ ሚዛናቸውን ጠየቅሁ። መልሳቸው ሦስት ነበር። አንደኛው «ማን ማንን ያሸንፋል?» የሚል ነው፤ ቶር ከሀልክ ይበልጣልን? ሁለተኛው «የማን ውጊያ ይደምቃል?» የሚል ነው። ሦስተኛው «የትኛው ብዙ ገንዘብ አስገባ?» የሚል ነው፤ በ2019 የወጣው «ኤንድጌም» ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷልና አንደኛ ነው ይላሉ።

ሦስተኛውን ቶሎ ልመልስ። የገበያ ብዛት የጥራት ምስክር ከሆነ፣ በአገራችን ከመጽሐፍ ይልቅ ጫት ይሸጣል፤ እንግዲያስ ጫት ከመጽሐፍ ይበልጣል ማለት ነውን? ስለ ውጊያው ድምቀትም የሰማይ እሳት ማማር የኮምፒዩተር ሠራተኞች ሙያ ነው፤ ለእነርሱ ምስጋና ይገባል፣ ለጀግናው ግን ምንም አይጨምርለትም። የከፋው አንደኛው ሚዛን ነው፤ ዋናው ክርክሬም ከእርሱ ጋር ነው።

«ማን ያሸንፋል» በሚል ሚዛን ከተመዘነ በ23ቱ ፊልሞች ውስጥ አንደኛው ጀግና ታኖስ በሆነ ነበር። በ2018ቱ «ኢንፊኒቲ ዋር» ሁሉን ያሸነፈ እርሱ ነው፤ ጣቱን አጩኾ የሕያዋንን ፍጥረት ሁሉ እኩሌታ አጥፍቷል። ከዚህ የሚበልጥ ኃይል የት ይገኛል? ነገር ግን ከእናንተ መካከል ታኖስን ጀግና ብሎ የጻፈ አላገኘሁም። ለምን? ልባችሁ ከደብተራችሁ የበለጠ ስለሚያውቅ ነው። ኃይል ጀግንነት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ስትመዝኑ ግን በኃይል ትመዝናላችሁ።

ፊልሞቹ ራሳቸውም ይመሰክሩባችኋል። በ2011 የወጣውን «ካፒቴን አሜሪካ»ን በዝርዝራችሁ ከታች አገኘሁት፤ «ውጊያው አነስተኛ ነው» ብላችሁ። ነገር ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ስቲቭ ሮጀርስ ገና ኃይል የሚሰጠውን መድኃኒት ሳይወጋ፣ ቀጭን፣ አጭር፣ በሽተኛ ልጅ ሳለ፣ በሥልጠና ሜዳ ቦምብ ተወረወረ። ባለ ጡንቻዎቹ ሁሉ ሸሹ፤ እርሱ ግን በሆዱ ተኛበት፣ ጓደኞቹንም «ራቁ» አላቸው። ቦምቡ የማይፈነዳ የመፈተኛ ቦምብ ነበር፤ እርሱ ግን ይህን አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረገው ዝላይና ጋሻ ውርወራ ሁሉ ቢደመር ከዚህች አንዲት ደቂቃ አይበልጥም። በዚያች ደቂቃ ያደረገውን ደግሞ ማንኛችሁም ልታደርጉት ትችላላችሁ።

በ2017ቱ «ስፓይደር ማን፦ ሆምካሚንግ» ቶኒ ስታርክ ያማረውን ልብስ ከልጁ ላይ ሲወስድበት የሚነግረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ያለ ልብሱ ምንም ያልሆነ ሰው ልብሱም አይገባውም። ያው ቶኒ ስታርክ ራሱ በ«ኤንድጌም» መጨረሻ የሚያስለቅሰን የብረት ልብሱ ስለ በረረ አይደለም፤ እንደሚሞት እያወቀ ስለ ሰው ብሎ ስለ ከፈለ ነው። እንግዲህ ፊልም ሠሪዎቹ የሚያውቁትን ነገር እናንተ በጩኸቱ ብዛት አሳለፋችሁት።

እስካሁን ፊልሞቹን ምስክር አድርጌ ጠርቼአለሁ፤ አሁን ደግሞ ተከሳሽ አደርጋቸዋለሁ። ክሴም ይህ ነው፦ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የለውም። በ2012ቱ «አቬንጀርስ» ኒውዮርክ ስትወረር ተራው ሰው ምን ያደርጋል? ይሮጣል፣ ይጮሃል፣ መኪና ሥር ይገባል፣ ሲያልቅ ያጨበጭባል። ማሰብም፣ መምከርም፣ ማዳንም የስድስት ሰዎች ድርሻ ነው። በ2016ቱ «ሲቪል ዋር» እነዚህን ኃያላን ማን ይቈጣጠራቸው የሚል መልካም ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ ጥያቄው ግን በኃያላኑ የእርስ በርስ ድብድብ ተዋጠ።

ነጋዴውም ይህን መጠበቅ ይሸጠዋል። ዲዝኒ የተባለው ድርጅት በ2009 ማርቭልን ወደ 4 ቢሊዮን በሚጠጋ ዶላር ገዛው፤ የገዛው የሚበርሩ ሰዎችን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የእናንተንም ጉጉት ነው። ከመጀመሪያው ከ«አይረን ማን» ጀምሮ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ካለቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ትንሽ ትርኢት ትጨመራለች፤ ማር ነጋዴ በጣት እንደሚያቀምሰው ያለች ቅምሻ ናት፤ «የሚቀጥለውን ጠብቅ» ትላለች። 23ቱንም ያየ ሰው ከሁሉ አብልጦ የተማረው መጠበቅን ነው። አዳኝ ይመጣል፣ ተቀመጥ፤ ሌላ አዳኝ ይመጣል፣ ተቀመጥ። እነሆ ለወጣት ከዚህ የከፋ ትምህርት የለም። አዳኝ መጠበቅ የለመደ ሕዝብ አንድ ቀን ጉልበተኛ ሰው ተነሥቶ «አዳኛችሁ እኔ ነኝ» ሲለው ሳይመረምር ይከተለዋልና።

በአገራችን እውነተኛ ታሪክ ግን ሕዝብ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የውጫሌ ልጆች ደረጃ የሚያወጡበት ከተማ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል የተፈረመበት ቦታ ነው። የዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ በኢጣልያንኛው ተጣምሞ ስለ ተገኘ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ደም ፈሰሰ። ከዐድዋ በፊት በመቀሌ የነበረውን የኢጣልያ ምሽግ ያስለቀቀው ማን ነው? በአየር የበረረ ሰው አይደለም። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምሽጉ የሚጠጣበት ውኃ ተያዘ፤ ያንን ምንጭ ይዘው የተቀመጡት ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ ወታደሮች ናቸው። እንጀራውን የጋገሩት፣ ስንቁን የተሸከሙት፣ በቅሎውን የነዱት ሁሉ ዐድዋን አሸንፈዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ፊልም ራሱ ሰውን ከተቀመጠበት ሊያስነሣ እንደሚችል የምናውቅ ደግሞ እኛ የወሎ ሰዎች ነን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ረሃብ ሲፈጀው መንግሥት ነገሩን ሸሽጎት ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወደ ወሎ መጥቶ የተራበውን ሕዝብ በፊልም አነሣው፤ ፊልሙም «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ስም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ። ያየውም ሕዝብ ተነሥቶ ገንዘብ አዋጣ። በዓመቱ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እየተቀያየረ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያ ፊልም ውስጥ የሚበር ሰው የለም፣ ማሸነፍም የለም። ነገር ግን የተመለከተው ሰው ተቀምጦ አልቀረም። የኔ ሚዛን ይህ ነው፤ ፊልም የሚለካው በውስጡ ያለው ሰው በሚያደርገው ብቻ ሳይሆን አይቶት የሚነሣው ሰው በሚያደርገው ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ወጣት «ብላክ ፓንተርስ?» ይለኛል። በ2018 የወጣው ይህ ፊልም በብዙዎቻችሁ ደብተር አንደኛ ነው፤ ምክንያቱም ይገባኛል። ቅኝ ያልተገዛ የአፍሪካ አገር፣ ጥቁር ንጉሥ፣ ጥበበኛ ሴት ልጆች ታዩበት፤ ኢትዮጵያዊ ልብ ቢሞቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዋካንዳ የበለጸገችው ከሰማይ በወደቀ ማዕድን ነው፤ እኛ ከሰማይ የምንጠብቀው ዝናብ ብቻ ነው፣ ቀሪው የእጃችን ሥራ ነው። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ነገር የንጉሡ ልብስ ሳይሆን የጠላቱ ጥያቄ ነው፤ ወንድሞቻችሁ በሌላ አገር ሲገረፉ ሀብታችሁን ደብቃችሁ ዝም ያላችሁት ለምንድን ነው? ንጉሡ በመጨረሻ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠቱ ፊልሙን ያከብረዋል።

ከፊልሙም የሚበልጥ ነገር ልንገራችሁ። ንጉሡን ሆኖ የተጫወተው ቻድዊክ ቦዝማን በ2016 የአንጀት ነቀርሳ እንዳለበት ታወቀ። ለሕዝብ ሳይናገር፣ ሕክምናውን እየተከታተለ ሥራውን ሠራ፤ በ2020 በነሐሴ ወር በ43 ዓመቱ ሲሞት ነው ዓለም የሰማው። ጭምብሉን ለብሶ ያደረገው ተረት ነው፤ ጭምብሉን አውልቆ ያደረገው ግን እውነት ነው። በደብተራችሁ ለየትኛው ማርክ ሰጣችሁ?

ሌላው ደግሞ «እንግዲያስ የራሳችንን ልዕለ ጀግና እንፍጠር» ይላል። ተፈጥሯል። በ2018 በሥራት ደበበ የተባለ ኢትዮጵያዊ ደራሲ «ጀምበር» የተባለውን የሥዕል መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ልጅ በራሱ ፊደልና በራሱ መልክ ጀግና ማየቱ መልካም ነውና ይበል እላለሁ። ሆኖም የጀግናው ልብስ ጥበብ ስለ ሆነ ብቻ ሚዛኑ አይቃናም። በአማርኛም ቢሆን «አንዱ ያድናል፣ ሌላው ያያል» ካስተማረ ያው ነው።

ሦስተኛው «ጨዋታ ነው፤ አታክብዱት» ይላል። ጨዋታ መሆኑን አልካድሁም። ነገር ግን 50 ሰዓት ተጫውቶ፣ እንደገና 50 ሰዓት ደግሞ፣ የእያንዳንዱን ተዋናይ ስም በቃሉ የያዘ ልጅ የአያቱን እናት ስም ሲጠየቅ ዝም ካለ ጨዋታው ቦታውን ለቋል።

እስቲ አሁን ያቺን ስልክ እንያት። አምስት ራስ የተደፋባት ስልክ ከየት መጣች? ከሐይቅና ከአምባሰል መንደሮች ስንትዋ ልጃገረድ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤሩት እንደ ሄደች ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዷ በበረሃ በእግር፣ በባሕር በጀልባ ተሻግራለች። በሰው ቤት ከሁሉ ኋላ ተኝታ ከሁሉ በፊት የምትነሣ እኅት በላከችው ገንዘብ በተገዛች ስልክ ላይ ተደፍተን «ከሁሉ የሚበልጥ ጀግና ማን ነው?» እያልን እንከራከራለን። እርስዋ አትበርም፤ ያለ ወረቀት የሄደች ብትሆን አገርዋም መግባት ያቅታታል። ስትደውል ግን «አብሽሩ፣ ደኅና ነኝ» ትላለች። ይህች ልጅ በማን ደብተር ስንተኛ ናት? ወንድምዋ የ23 ፊልም ደረጃ አውጥቶ የእርስዋን ዋጋ ካልመዘነ፣ ዓይኑ አይቶ ልቡ አላየም።

ቅሬያችንንም እዩ፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ማለቴ ነው። ከአምባሰል ገደል ምጥ የያዛትን ሴት አራት ሰው በቃሬዛ ያነሣል፤ አራቱ ሲደክሙ ሌሎች አራት ይተካሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ትከሻውን ያቀብላል፤ መኪና መንገድ ሲደርሱ ማን ይበልጥ እንደ ተሸከመ የሚጠይቅ የለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ስፓይደር ማን የሚያውቀው አይመስለኝም፤ የእርሱ ድር ብቻውን ነው። ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ኅዳር ማለቂያ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ሐይቅን ባጠቃለለ ጊዜም ከሰማይ የወረደልን የለም። የነበረው ሰው ነው፤ ዱቄቱን በጣሳ ለክቶ ለጎረቤቱ ያካፈለ፣ የማያውቀውን ሽማግሌ በጀርባው አዝሎ ያሸሸ ሰው። ያን ጊዜ ከእናንተ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበራችሁ፤ በሕይወት የደረሳችሁት በእነዚያ ሰዎች ነው።

የሐይቅ ልጅ ደግሞ ሩቅ ሳይሄድ ሌላ ዓይነት ጀግና አለው። በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ሥራቸው ማስተማርና መጻሕፍት ማስጻፍ ነበር። በእርሳቸው ዘመን የተጻፈው ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ አልፎ ወደ እኛ ዘመን ደርሷል። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ፊደል በፊደል የሚጽፍ ሰው ለዓይን ትርኢት አይሆንም፤ ነገር ግን ከስንት ጦረኛ ሥራ የእርሱ ሥራ ቆየ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ደብተራችሁን አትቅደዱ፤ ሚዛኑን ለውጡ። ለእያንዳንዱ ፊልም ሦስት ጥያቄ አቅርቡ።

1ኛ፤ ይህ ጀግና ያደረገውን መልካም ነገር፣ ኃይሉ ቢወሰድበት ያደርገው ነበርን?

2ኛ፤ ምን ከፈለ? ምንም ሳይከፍል ያሸነፈ ዕድለኛ እንጂ ጀግና አይባልም።

3ኛ፤ ከኋላው የነበረው ሕዝብ ምን ሠራ? መጀመሪያ ስታዩ ጀግናውን አይታችኋል፤ ሁለተኛ ስታዩ ከጀግናው ኋላ የሚሮጡትን ሰዎች እዩ።

በዚህ ሚዛን እኔ ራሴ ደረጃ አውጥቼአለሁ። የ2011ዱን «ካፒቴን አሜሪካ» ስለዚያች የቦምብ ደቂቃ አንደኛ፣ «ብላክ ፓንተር»ን ስለ ጥያቄው ሁለተኛ፣ «ኤንድጌም»ን ስለ ተከፈለው ዋጋ ሦስተኛ አድርጌአለሁ። የ2013ቱን «ቶር፦ ዘ ዳርክ ወርልድ» 23ኛ አድርጌዋለሁ፤ አማልክት ከአማልክት ጋር ሲጣሉ እኔ በመካከላቸው ምን ሥራ እንዳለኝ አልገባኝምና። የማይስማማ ይከራከረኝ፤ ነገር ግን ሚዛኑን ይዞ ይምጣ።

ክረምቱ ገና አላለቀም። እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሁለተኛ ዝርዝር ጻፉ። ከየሰፈራችሁ አሥር ሰዎች ምረጡ፤ ቃሬዛ የተሸከመ፣ የወላጅ አልባ ልጅ ያሳደገች፣ ከዓረብ አገር የተመለሰች፣ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እህሉን ያካፈለ፣ ደመወዙ ሳይበቃው ልጅ ያስተማረ። ቤታቸው ሂዱ፣ ቡናቸውን ጠጡ፣ «ምን አደረጉ? ምን ከፈሉ? ማን አገዘዎ?» ብላችሁ ጠይቁና በእጃችሁ ጻፉ። ሽማግሌው ሳይሞት ድረሱ፤ እርሱ እንደ ፊልም ተመልሶ አይታይም።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጡ። በአንደኛው ዝርዝር ለእናንተ የተተወላችሁ ቦታ የተመልካች ወንበር ብቻ ነው። በሁለተኛው ግን 11ኛው ቁጥር ባዶ ነው፤ የሚጠብቀውም የእናንተን ትከሻ ነው።